ልጄ ሽመና መረጠች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ልጆች የሙያ ምርጫ ያወጣችሁት ጽሑፍ ልቤን ነካው።

ልጄ በሲቪል ምህንድስና ተመርቃለች። ዘመድ አዝማድ ጠርተን ደግሰናል። በዓመቱ ግን ሥራዋን ትታ ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ዘንድ መማር ጀመረች። በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ የሚሸምነው ወንድ ነው። አኮረፍኩ። ሦስት ወር ሙሉ በቅጡ አላናገርኳትም። ዛሬ በጣም ይቆጨኛል።

አንድ ቀን እናቷ ምሳ አስይዛ ላከችኝ። ልጄ እግሯን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰዳ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ትወረውራለች። ድሩ ተበጠሰ። አልተበሳጨችም። ጫፉን በጣቷ ፈልጋ ቋጠረችውና ቀጠለች። ቢሮ ስትሠራ ፊቷ እንዲህ በርቶ አይቼ አላውቅም።

በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያረፉት የፒያኖ ሙዚቀኛ እማሆይ ጽጌማርያም ትዝ አሉኝ። የከንቲባ ገብሩ ልጅ ናቸው፣ ስዊዘርላንድ ተምረዋል። ግሸን ማርያም ገብተው የመነኮሱት ግን ራሳቸው መርጠው ነው። ዓለም ፒያኗቸውን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ወላጆች፣ ከማኩረፋችሁ በፊት እባካችሁ ልጃችሁ የሚሠራበት ቦታ ሄዳችሁ እዩ። ልጄ የመጀመሪያ ነጠላዋን ለእኔ ሰጥታኛለች። ጥበቡ ትንሽ ጠመም ብሏል። ለፋሲካ የምለብሰው እሱን ነው።

አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ