ይድረስ ለሰብለ፣ ከቺችማኒ መልስ

ሰብልዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? አባትሽ ጋሼስ ጤናቸው እንዴት ነው? አሁንም ጠዋት ጠዋት ሸማኔዎቹን ሳያዩ ቡና አይጠጡም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስንት ዓመት ሆነን ሳንጻጻፍ! በበዓል በበዓሉ “እንኳን አደረሰሽ” ስንባባል ኖረን እሱም ቀረ። ዛሬ ግን ላንቺ ካልነገርኩ የማይወጣልኝ ነገር ስላለ ቁጭ አልኩ።

ቺችማኒ የምትባለው የስሎቫኪያ መንደር ሄጄ ነበር። ብራቲስላቫ ስንማር የዶርማችን ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ካላንደር ታስታውሺዋለሽ? የጠቆረ የእንጨት ቤት፣ ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጌጥ። “ይሄማ የአባዬ ጥለት ነው!” ብለሽ የጮኽሽበት። ያ መንደር ነው። እዚህ ዢሊና ከተማ ከገባሁ ጀምሮ አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ እየኖርኩ፣ ዛሬ ነገ አየዋለሁ ስል ነበር የቆየሁት።

አውቶቡሱ የራይቻንካን ወንዝ እየተከተለ ሽቅብ ይወጣል። ራዬትስ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ካለፍሽ በኋላ ሸለቆው ይጠብና ግራ ቀኙ ጥድ ብቻ ይሆናል። መንገድ ላይ ራዬትስካ ሌስና ወርጄ ዮዜፍ ፔካራ ከእንጨት የቀረጸውን የልደት ትዕይንት አየሁ። ሰውየው 15 ዓመት ያህል ለፍቶበታል። በሕፃኑ ዙሪያ መላው የስሎቫክ አገር አለ፤ ገበሬው፣ እረኛው፣ አንጥረኛው፣ ሁሉም በየሥራው ይንቀሳቀሳል። እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚፈልግ ልለፈው።

ቺችማኒ ስትራዦቭ ከሚባለው ተራራ አጠገብ ነው ያለችው። ስሟ በጽሑፍ የሚገኘው ከ1272 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። መሬቱ ዳገት፣ አየሩ ብርድ ስለሆነ ሰዉ ለእርሻ ብዙም አልታደለም፤ በግ ሲያረባ ነው የኖረው። አይቡ ዛሬም አለ። ሃሉሽኪ በብሪንድዛ ቀረበልኝ፤ ያ የድንች ሊጥ ቅቅል በበግ አይብ ተለውሶ፣ ላዩ ላይ የተጠበሰ የአሳማ ስብ ያለበት። አንቺ ስቡን ለቅመሽ ለኔ የምትሰጪኝ ነገር። እኔም ዘንድሮ ስቡን ትቼዋለሁ፤ አይቡን ግን ጠረግኩት።

አሁን ወደ ግድግዳው ልውሰድሽ። ቤቱ ወፋፍራም ግንድ እየተጋደመ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ የተሠራ ነው። እንጨቱ በዘመን ብዛት ቡናማ፣ አንዳንዱም ጥቁር ሆኗል። በዚያ ላይ በኖራ ልብ፣ መስቀል፣ ቀስት፣ ዚግዛግ ይሄዳል። ከሩቅ ሲያዩት በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። ተጠግተሽ ስታዪው ግን እጅ ነው። ብሩሹ ሲያርፍ ኖራው ወፈር ይላል፣ ወደ ጫፉ ይሳሳል። ግንዱ የተሰነጠቀበት ቦታ መስመሩ ትንሽ ይዘላል። አንዱ ልብ ከጎኑ ካለው ልብ ሰፋ ብሏል። እዚያ ቆሜ አንድ በአንድ ሳያቸው ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቅኩም።

ነገሩ የተጀመረው ለጌጥ አይደለም ይላሉ። ሴቶቹ ግንዱ በሚጋጠምበት ማዕዘን ላይ፣ ፀሐይና ዝናብ እንዳይጎዳው፣ ኖራ ይቀቡ ነበር። ቀስ በቀስ ከሸሚዛቸውና ከቆባቸው ጥልፍ እየቀዱ ወደ ግድግዳው አሻገሩት። አየሽ ሰብልዬ፣ ያኔ የጮኽሽው እውነት ነበር። ከልብስ የመጣ ነው!

ዛሬ ሙዚየም የሆነው የራዴን ቤት ውስጥም ገባሁ። ታች አንድ ሰፊ ክፍል አለ። አያት፣ ልጆች፣ ምራቶች፣ የልጅ ልጆች ሁሉ እዚያ ባንድ ምድጃ ዙሪያ ነበር የሚኖሩት። ላይኛው ፎቅ እሳት የለውም፤ ልብስና ንብረት የሚቀመጥበት ነው። ያንን ብርድ ስለምታውቂው ሌላ አልጨምርም። እኔን የገረመኝ፣ ባንድ ጣሪያ ሥር ስንት ትዳር ተቻችሎ እንደኖረ ነው።

ሰብልዬ፣ በ1921 መንደሩ ተቃጥሏል። እንጨት ነውና እሳቱ ብዙ ቤት በላ፤ የራዴን ቤትም ከተቃጠሉት አንዱ ነው። ታዲያ ነዋሪው በጡብ ሠርቶ መገላገል ይችል ነበር። እነሱ ግን ግንዱን ጠርበው፣ እንደ ድሮው ጋድመው፣ ኖራውን መልሰው ቀቡት። በዚያ መልሶ ግንባታ ስሙ የሚነሣው አርክቴክቱ ዱሻን ዩርኮቪች ነው። ሰውየው በ1895 ፕራግ ላይ በተደረገው ትልቅ የባህል ኤግዚቢሽን የቺችማኒን ቤት አምሳያ ለሕዝብ ካሳዩት መካከል ነበር። አብረውኝ ከጎበኙት አንዱ ቤቶቹ ከእሳቱ በኋላ እንደገና መሠራታቸውን ሲሰማ “ታዲያ ዋናው አይደለማ!” አለ። እኔ አልተዋጠልኝም። ቀሚስ ሲያልቅ ጋሼ ያንኑ ጥለት በአዲስ ፈትል ይሠሩት የለ? ያንን ማነው ዋናው አይደለም የሚለው? የእጁ ዕውቀት ካልተቋረጠ ለኔ ዋናው እሱ ነው።

በ1977 መንግሥት መንደሩን የሕዝብ ኪነ ሕንፃ ቅርስ ብሎ ከለለው። ከመፍረስ ያዳነውም ይኸው ነው። ግን ቋሚ ነዋሪው ዛሬ ሁለት መቶ አይሞላም። ብዙው ቤት ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ለሚመጣ ሰው ማረፊያ ሆኗል። በበረዶ ወራት የበረዶ መንሸራተት ወዳዱ ይመጣል፣ በበጋ ጎብኚው ይጎርፋል። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ከጭስ ማውጫ ጭስ የሚታይባቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው። እዚህ ላይ አዝኛለሁ። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ሄደ ብዬም አልፈርድበትም፤ እኔና አንቺስ ከቤታችን የወጣነው ለምን ነበር?

ሌላም ያበሳጨኝ ነገር አለ፤ ይሄ ያንቺ ጉዳይ ነው። የቺችማኒ ጌጥ አሁን ያልታተመበት ነገር የለም። ኩባያ፣ ካልሲ፣ ቲሸርት፣ የስልክ ሽፋን። ከመንደሩ ሰው እጅ የወጣውን ከፋብሪካ ከመጣው መለየት አቅቶኛል። በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስለ ሽሮ ሜዳ የጻፍሽልኝ ትዝ አለኝ። በማሽን የታተመው “የሀበሻ ልብስ” በርካሽ ገብቶ ሸማኔው ሥራ እየፈታ ነው ብለሽ ነበር። ያኔ ነገሩ በደንብ አልገባኝም ነበር። እዚያ የኩባያው መደርደሪያ ፊት ቆሜ ነው የገባኝ።

አንዲት ቴታ (አክስት እንደ ማለት ነው) ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠልፍ አግኝቻት አወራን። ስሎቫክኛዬን ስትሰማ ደስ አላት። ኖራው ዝናብ ስለሚያጥበው በየጊዜው መታደስ አለበት አለችኝ። “ትለኪያለሽ?” ብላት “እናቴ ስትሠራ ነው ያየሁት፣ ዓይኔ ያውቀዋል” አለች። እኔም ስልኬን አውጥቼ የላክሽልኝን የጋሼን ጥለት አሳየኋት። ፎቶውን አጉልታ፣ ክሩን አንድ በአንድ ተከተለችው። ከዚያ የሥራ ሰው ጥያቄ ጠየቀችኝ። ጀርባው እንዴት ነው? ክሩ ይቋጠራል ወይስ አብሮ ይሸመናል? ይህን የሚያህል በስንት ቀን ያልቃል? ምን ልበላት! ባለቤቱን ጠይቄ እመለሳለሁ አልኳት።

እና ጋሼን ጠይቂልኝ። የጥለቱን ጀርባም ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ በደንብ ይታይ። መስከረም ሳይጠባ እንደገና እሄዳለሁ፣ ለቴታ መልስ ይዤ መድረስ አለብኝ። አንቺም ፓስፖርትሽን አሳድሺ፤ ቤቴ አልጋ አለ፣ አውቶቡሱም ከደጃፌ ብዙ አይርቅም።

ለጋሼ ጉልበታቸውን ስሚልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው አስቴር
ከዢሊና