የሞተር ሳይክል ማርሚታን ስለ መቀየር

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

የማርሚታን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ድምፅ ማጉላት የሞተር ሳይክልን ጉልበት እንደ መጨመር መቆጠሩ ስለ በዛ፣ በሙያው ለዓመታት የቆየሁ መካኒክ እንደ መሆኔ ጥቂት ለማለት ወደድሁ። ባለ አራት ምት ሞተር የተቃጠለውን ጋዝ ሲተፋ በጭስ ማውጫ ቧንቧው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይነሣል፤ ይህም ሞገድ ከጫፉ ወደ መሳብ ተለውጦ ሲመለስ፣ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮች ለአፍታ አብረው በሚከፈቱበት ቅጽበት ከደረሰ፣ የቀረውን ጭስ ስቦ ለአዲሱ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ቦታ ያስለቅቃል። የቧንቧው ርዝመትና ስፋት የሚለካው ለዚህ ነውና፣ ያለ ስሌት የቆረጠው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው በዝቅተኛ ዙር የነበረውን ጉልበት ነው።

የሚብሰው ግን የነዳጁ ጉዳይ ነው። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ከፍተኛው ጉልበት የሚገኘው አየሩ ወደ 13 ኪሎ ግራም ገደማ ዝቅ ሲል ነው። ጭስ ማውጫው ተከፍቶ የካርቡራተሩ ጂግለር (ነዳጁን የሚመጥነው ቀዳዳ) ካልተቀየረ ድብልቁ ሊሳሳ፣ ማለትም ነዳጅ ሊያንሰው፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ሊግል ይችላል፤ ደንበኞች «ንጹሕ ነው» ብለው የሚደሰቱበት የካንዴላ (ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ክፍል) ጫፍ መንጣት አንዱ ምልክቱ ነው! ጭስ የሚያጣራውን ካታሊስት ነቅሎ መጣልንማ ከማሻሻል አልቆጥረውም።

ስለ ማርሚታ በምታወጡት ጽሑፍ ሁሉ የነዳጁ ልኬት አብሮ መስተካከል እንዳለበት እንድትጠቅሱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ