«ምንም የለም» ያልኩሽ ውሸት ነው

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 9

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን አልፎ አልፎ ጉልበቷን ያማታል፤ ከዚያ ሌላ ደህና ናት።

ማክሰኞ ማታ ደውለሽ «አባዬ፣ ቤት ምን አዲስ ነገር አለ?» አልሽኝ። «ምንም የለም» አልኩሽ። ስልኩን ገና ሳላስቀምጠው እናትሽ ከጓዳ ብቅ አለችና «ምንም የለም? ኧረ በሞቴ! ባቄላው ደርሶ፣ ቅቤው ወጥቶ፣ ምንም የለም?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። በጥቅምት ወር፣ በእኛ አገር፣ «ምንም የለም» ብሎ መመለስ ውሸት ነው። እኔ ግን ስልክ ላይ አፌ ይተሳሰራል፤ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ እስክሪብቶ አነሳሁ። ደብዳቤውን ከባቄላው እሸት ጋር እልክልሻለሁ።

31 ዓመት በፈረቃ ነው የሠራሁት። ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ፀሐይ ገና ብቅ ትላለች፤ እኔ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ። መስከረም ጠባ አልጠባ ለእኔ ያው የማሽን ጩኸት ነበር። አደይ አበባንም የማያት አንቺ ለእንቁጣጣሽ ይዘሽልኝ መጥተሽ፣ ሳንቲም እስክሰጥሽ በር ላይ ስትቆሚ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ይህ ሁለተኛው ጥቢዬ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ስደናበር አሳለፍኩት። ቤት ውስጥ የት እንደምቀመጥ እንኳ አላውቅም ነበር። እናትሽ በጠረገች ቁጥር ከወንበር ወንበር ታዛውረኝ ነበር። ዘንድሮ ቦታዬን አገኘሁ። በፀሐይ መውጫ በኩል ከግድግዳው ሥር ያለችው ድንጋይ።

የዚህችን ድንጋይ ነገር ልንገርሽ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷን አንቺም አትረሺውም። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ሌሊት ምድሩን የሚሸፍን ደመና ስለሌለ ሙቀቱ ሁሉ ሽቅብ ይሄዳል። አንዳንድ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ታገኛለሽ። ገበሬ ይህን ውርጭ ክፉኛ ይፈራዋል፤ ያልደረሰ ባቄላ ላይ ከወደቀ በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። እኔ ጡረተኛው ግን ጋቢዬን ተከናንቤ እወጣለሁ። እጄ ደንዝዟል፣ አፍንጫዬ ይንጠባጠባል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ፀሐይዋ የጎረቤትን ቆርቆሮ አልፋ ትመጣለች። መጀመሪያ ግንባሬን፣ ቀጥሎ ደረቴን፣ መጨረሻ ጉልበቴን ታገኘኛለች። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከኋላዬ ግድግዳው እየሞቀ ይመጣል። ቡናው እስኪፈላ እዚያው ነኝ። ይህች ድንጋይ 31 ዓመት ሙሉ እዚሁ ነበረች እኮ!

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለዚህ ብርድ ነው። ባለፈው እሁድ ተረቱን ለእናትሽ አስታወስኳት። እሷ ደግሞ የሥጋውን ዋጋ አስታወሰችኝ። ሽሮ በላን።

ደግሞም እሷ ጽጌን እየጾመች ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አርባ ቀን። እኔን «አንተስ?» ስትለኝ «የፈቃድ ጾም ነው አይደል? እኔ አልፈቀድኩም» አልኳት። ባትስቅም ቅቤውን ከፊቴ አላነሳችውም።

ስለ ቅቤው ልቀጥል። አሁን ሜዳው ላይ ማገጥ አብቧል። ያቺ ሦስት ቅጠል ያላት፣ ልጅ ሆነሽ አበባዋን እየነቀልሽ ትመጪያት የነበረችው። ላማችን እሷን እየጋጠች ወተቷ ጨምሯል። ጠዋት በጤዛው ብቻ አትለቀቅም፤ እርጥብ ማገጥ ሆድ ይነፋል። በጋ ላይ ጭድ እየበላች የምትሰጠው ቅቤ ነጣ ያለ ነው። የአሁኑ ግን ቢጫ ነው፣ አደይ አበባ የተፈጨበት ይመስላል። እናትሽ ሐሙስና እሁድ ትንጣለች። ራሷ አትቀምስም፤ በጣቷ ነካ አድርጋ ታሸትና «ደርሷል» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ለጋው ቅቤ ገና አሬራው ሳይደርቅ ትኩስ የገብስ ቂጣ ላይ! ሐኪሙ ቅቤ ቀንስ ብሎኛል። ከኅዳር ጀምሮ እቀንሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ እሸቱ።

ቅዳሜ አጎትሽ ዘንድ ሄድን። ገጠር ከገባሽ ስንት ዓመትሽ ነው? ባሶና ወራና በዚህ ሰሞን እንዴት እንደሚሆን ረስተሽው ይሆናል። ባቄላው፣ ገብሱ፣ ስንዴው፣ አተሩ እንደ ድሪቶ ተጣጥፈዋል። ሜዳው ላይ ሣር ታጭዶ ድርቆሹ ተዘርግቷል፤ ሽታው ከመንገድ ጀምሮ ይቀበልሻል። አጎትሽ ገና ሳንቀመጥ «እሸት ቅመሱ» ብሎ ወደ ማሳው ነዳን። ዘንድሮ በታችኛው ማሳ ቆርምድ የሚሉት በሽታ ቅጠሉን ለክፎበት ነበር። የላይኛው ግን ተርፏል። ቅጠሉ መሐል እጅሽን ስትሰጂ ፍሬው ዘለላ ዘለላ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ማሳው ዳር ተቀምጠን ፈለፈልን። የመጀመሪያዎቹን ሁልጊዜ ጥሬውን ነው የምበላው። ትንሽ መረር፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ውስጡ ያለው ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ጣትሽን ያረጥብሻል። ልጣጩን ለበጎቹ እንወረውራለን። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ከአጠገባችን አይርቁም።

ከዚያ አጎትሽ ኩበት አቀጣጠለ። ገብሱን ገና ቢጫ ሳይሆን፣ ሲጫኑት ወተት መሳይ ከሚወጣበት አለፍ ሲል ነው የሚቆርጠው። ጊዜዋ አጭር ናት፤ ከሳምንት ብዙም አትበልጥ። ነዶውን ነበልባሉ ላይ እያገላበጠ ይለበልበዋል። ጺሙ ተንጣጥቶ ይቃጠላል። ትኩሱን በመዳፍሽ ታሺዋለሽ፣ እፍ ትይዋለሽ፣ ገለባው ይበናል። መዳፍሽ ላይ የሚቀረው አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ ለስላሳ፣ ሙቅ። እናትሽ እንኳ ጉልበቷን ረስታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስንጨርስ ሁላችንም አፋችን ዙሪያ ጥላሸት ነበር። አጎትሽ 70 ዓመት ሊሆነው ነው፤ ከንፈሩ ጠቁሮ ሲስቅ የአሥር ዓመት እረኛ መሰለኝ።

አንድ ነገር ደስ አለኝ። ስንበላ መንገደኞች መጡ፤ የማናውቃቸው ሁለት ወጣቶች። አጎትሽ «ኑ እንጂ!» አላቸው። ተቀምጠው በሉ፣ «ዘመኑን የጥጋብ ያድርግልዎ» ብለው ሄዱ። ስማቸውን እንኳ የጠየቀ የለም። አንቺ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የበርሽን ጎረቤት ስም አላውቀውም ስትይኝ አዝኜ ነበር። እኛም ሳናውቃቸው ሸኘናቸው ለካ። ግን አብልተናቸው ነው።

ይህን ወቅት «ፀደይ» ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ ቴሌቪዥኑም እንደዚያ ነው የሚለው። የኔታን ጠየቅኳቸውና ሳቁብኝ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ ለእኛ የበልጉ ጊዜ መሆኑ ነው። አሁን ያለንበት መፀው ይባላል፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ገበሬው ደግሞ ጥቢ ይለዋል። እኔ ከገበሬው ጋር ነኝ። ጥቢ ሲባል ራሱ አፍ ውስጥ እሸት እሸት ይላል።

አደይ አበባዋን ብቻ አላገኘሻትም። በመስከረም ከጓሯችን አልፎ እስከ ወንዙ ድረስ ቢጫ ነበር። አሁን ረግፋለች፤ እዚህም እዚያም የቀሩ ጥቂቶች አሉ። የመስቀል ወፍም ልብሱን ሊያወልቅ ነው። ይህን ታውቂ ነበር? እኔ ዘንድሮ ነው ያስተዋልኩት። ያ ጥቁርና ቢጫ የሚያብለጨልጨው ወንዱ ነው። ክረምቱና መስከረም ሲያልፉ ላባውን ይለውጥና እንደ ሴቷ ተራ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ እኛ «የመስቀል ወፍ ሄደች» ስንል ስንከርም፣ ወፏ አጥሩ ላይ ቁጭ ብላ ታየናለች። ሳላውቅ ስንት ዓመት ድንቢጥ ናት ብዬ አልፌያታለሁ!

እናትሽ ጻፍላት ያለችኝን ደግሞ ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት ራሷ ትነግርሻለች። መስከረም መጨረሻ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል «ዝናቡ ወጥቷል» ብዬ ፈረድኩ። ክረምቱን ሙሉ የታፈነውን ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ ፍራሹን ሁሉ አወጣሁና አጥሩ ላይ ዘረጋሁት። ቁንጫ በፀሐይ ይሙት ብዬ። በጣም ኮራሁ። ከዚያ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ወሬ ያዘን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ በሰላሌ በኩል ጠቆረ፤ ቤት ስደርስ በረዶ ቀላቅሎ ወርዶ አብቅቷል። ባና ውኃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ አታውቂም፤ ለሁለት ተሸክመን ማንሳት አቃተን። እንደ አስከሬን ጎተትነው። ያን ሌሊት በጋቢና በካፖርት ተኛን። እናትሽ ቃል አልተናገረችም፤ ያ ነው የከፋው። በማግስቱ ጠዋት ብቻ ቡና ስትቀዳልኝ «ዝናቡ ወጥቷል?» አለችኝ። እስካሁን ደመና ባየች ቁጥር ትጠይቀኛለች።

ያለፈው ሳምንት ደግሞ እስከ ጣርማበር ደርሰን መጣን። ምንም ጉዳይ አልነበረንም፤ በሚኒባስ ሄደን ዋሻው ሳንደርስ ወረድን። በክረምት ጉሙ እጅሽን እንኳ አያሳይሽም። አሁን ግን ገደሉ አፍ ላይ ቆመሽ ደብረ ሲናን፣ ከዚያም ወዲያ ቆላውን ድረስ ታያለሽ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ጭላዳዎቹ ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ልክ እኛ እሸቱን እንደፈለፈልነው። እናትሽ ረጅም ጊዜ አየቻቸውና «ያ ትልቁ አንተን ይመስላል» አለችኝ። ጋቢ ለብሶ ፀሐይ የሚሞቅ ነበር። አልተከራከርኩም።

አልወቅስሽም ልጄ። ሥራ እንዳለብሽ አውቃለሁ፤ 130 ኪሎ ሜትርም መንገዱ ሳይመች ሩቅ ነው። እኔም ቅርብ ሆኜ አላየሁትም ነበር። ሲመችሽ ግን ኅዳርን አስቢባት። እሸቱ ያልፋል፤ ግን ገብሱ ይታጨዳል፣ ማሩም ይቆረጣል። አጎትሽ ከቀፎዎቹ አንዱን ላንቺ ብሎታል። ስትመጪ ድንጋይዋ ላይ ግማሹን ቦታ እለቅልሻለሁ። ግማሹን ብቻ።

አሁን ስለላክነው ዕቃ። ጆንያው ውስጥ የባቄላ እሸት አለ። እንደደረሰሽ ዘርግፊው፤ ታፍኖ ካደረ ይግላል፣ ይጠቁራል። ግማሹን ዛሬውኑ ከነልጣጩ በጨው ውኃ ቀቅዪው። ግማሹን ለዚያ ስሙን ለማታውቂው ጎረቤትሽ አንኳኪና ስጪ። የተለበለበው ገብስ በጨርቅ ተቋጥሯል፤ ታሽቷል፣ ግን አጎትሽ ዓይኑ ደከም ስላለ እፍ እያልሽ ብዪው። ቅቤው በጣሳ ነው። ያልነጠረ ስለሆነ አታቆዪው።

ጣሳዋን መልሺ። እናትሽ ሦስት ልካልሽ የተመለሰላት አንድ ናት፤ ቆጥራለች።

አባትሽ