ያደረ መልስ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ መቅረቴን ስንፍና በለው እንጂ ሌላ ምክንያት አትፈልግለት። «ይህን ያህል ጠፍቼ አሁን ምን ብዬ ልደውል» እያልኩ ወር በወር ላይ ተደረበ።

መጨረሻ እዚህ ሐዋሳ ስትመጣ የጠየቅኸኝን ግን አልረሳሁም። አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን፣ አባ ኮዳዎቹ አጥንት ሲጠብቁ፣ አንተ እሾህ እየለቀምክ «ኳንተም ፊዚክስ ካቆራኛቸው ሁለት ቅንጣቶች አንዱን ስትለካው የራቀው ሌላኛው ወዲያው ካወቀ፣ ከብርሃን የሚፈጥን የለም ያለው የ1905ቱ አንስታይን ተሳስቷል ማለት ነዋ!» አልከኝ። እኔም በአጉል አዋቂነት የጫማ ምሳሌ ሰጠሁህ፤ ቀኙ ሐዋሳ ከተገኘ ግራው አዲስ አበባ ነው ብዬ። ምሳሌው አይሠራም።

ዘንድሮ ሁለት ተማሪዎቼን ለያይቼ በሁለት ክፍል አስቀመጥኳቸው። ለየራሳቸው ሳንቲም ይጣልላቸዋል፤ የወጣውን አይተው «አዎ» ወይም «አይ» ብለው ይጽፋሉ። ለማሸነፍ መልሳቸው መመሳሰል አለበት፤ ሁለቱም ሳንቲም አንበሳ ከወጣ ብቻ መለያየት አለበት። አስቀድመው እንደፈለጉ ቢማከሩም በአማካይ ከአራት ሦስት አያልፉም። ተንኮለኞቹ ብዙ ተማክረው «ሁልጊዜ አዎ እንበል» ላይ ደረሱ፤ ያው 75 በመቶ። ጫማዬም ቀድሞ የተዋዋሉበት ነገር ስለሆነ ከዚህ አይዘልም። የተቆራኙ ፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች፣ ቢኖሯቸውና እንደወጣው ሳንቲም እየለኩ ቢመልሱ ኖሮ ግን ወደ 85 በመቶ ይደርሱ ነበር። እንዲህ ያለውን ወሰን በ1964 ያወጣው የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል ነው፤ ተፈጥሮ እንደምትጥሰው በሙከራ ያሳዩት ክላውዘር፣ አስፔና ዛይሊንገር በ2022 ኖቤል ተሸለሙበት።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። በፎቶኑ ጨዋታ የአንዱን ተማሪ ወረቀት ብቻ ብታነብ፣ አዎ፣ አይ፣ አይ፣ አዎ፤ ግማሽ በግማሽ፣ ተራ ዕጣ ነው። ማዶ ያለው ምን እንደወጣለት ቀርቶ፣ መለካቱን እንኳ አታውቅበትም። ዝምድናው የሚታየው ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው፤ ወረቀት ደግሞ በሚኒባስ ይምጣ በስልክ ይነበብ፣ ብርሃንን አይቀድምም። «ካወቀ» ያልናት ቃል ናት ያሳሳተችን።

ሌላም አለ። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ብርሃን እንኳ ለመድረስ ጊዜ ካላገኘ፣ «ማን ቀደመ?» ለሚለው ልዩ አንጻራዊነት፣ ያው የ1905ቱ የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ፣ አንድ መልስ የለውም። ለአንተ የሐዋሳው ቢቀድም፣ በከባድ ፍጥነት ለሚጓዝ ሰው የአዲስ አበባው ሊቀድም ይችላል። ታዲያ የትኛው የትኛውን ለወጠው ትላለህ? የኳንተም ስሌት በየትኛውም ቅደም ተከተል ያው ቁጥር ይሰጣል።

85ቱ ራሱ ከየት መጣ ካልከኝ፣ እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። አንስታይንም በ1935 ከፊዚክስ ባልደረቦቹ ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር ሲጽፍ ነገሩ አልተዋጠለትም ነበር።

እኛም እንደ ፎቶኖቹ ነን ብለህ እንዳትቀልድ፤ እኔ የጠፋሁት በስንፍና ነው አልኩህ። ለጥምቀት ና። ዓሣው በእኔ፣ ሳንቲም አንተ ያዝ።

ወንድምህ፣ ከሐዋሳ