የቀንድ እጀታ ሙቅ ውሃ አይወድም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ስጦታ ዕቃዎች ስትጽፉ ባለ ቀንድ እጀታውን የጢም ብሩሽ (ሲላጩ ሳሙና የሚቀቡበትን) ማመስገናችሁ ደግ ነው። ግን ቀንድ ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ያብጣል፣ ይላላጣል። ይህን ለገዢው አልነገራችሁትም።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ብሩሽ ስገዛ እጀታውን ወደ ብርሃን አዞረዋለሁ። እውነተኛ ቀንድ መልኩ ወጥ አይደለም፤ እዚህ ጠቆር፣ እዚያ ማር መሰል ይላል። ሁለት እጀታ ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆኑ ፕላስቲክ ነው በሉ። ቀጥሎ ፀጉሩን ጎተት አደርጋለሁ። አንድ ሁለት ቢነቀል ግድ የለም፤ እፍኝ ከሆነ ማጣበቂያው የይስሙላ ነው። ፀጉሩ የምን እንደሆነም ጠይቁ። «የአሳማ ከሆነ ፊቴን እንዳይነካኝ» የሚል ደንበኛ እኛ አገር ሞልቷል፤ የፈረስ ፀጉር ይገላግላል።

ለራሴ የወይራ እንጨት እጀታ እመርጣለሁ። ከበድ ይላል፣ ደስ ይላል። ሳሙና የነካው እጅ ግን ያዳልጠዋልና ወገቡ ሰርጎድ ያለውን ያዙ።

ከፒያሳ፣ አንባቢያችሁ