አባባ፣ ካርታ እጫወታለሁ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። ጆሮዎ እንደ ድሮው ስላልሆነ እየጮህኩ ነው የማወራው፤ እናንተም ስልኩን ቡና ላይ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ስፒከር ላይ ታደርጉታላችሁ። ይሄ ደግሞ በስፒከር የሚወራ ወሬ አይደለም።

ካርታ እጫወታለሁ።

ቆይ፣ አይቆጡ። ያኔ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ በሃምሳ ሳንቲም ስንቋመር ይዘውኝ፣ ካርታውን ምድጃ ውስጥ የከተቱት አልጠፋኝም። ንጉሡ ከጢሙ ጀምሮ ሲነድ ቆሜ አይቻለሁ። የአሁኑ ግን ሳንቲም የለበትም። ብሪጅ ይባላል። ያስተማሩኝ በማታ ፈረቃ የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሻይና ካርታ ይዘን እንቀመጥ ነበር።

እርስዎ ታሪክ ስለሚወዱ ይሄን ልንገርዎት። የአሁኑን ደንብ ያወጣው ቫንደርቢልት የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም ነው። በፈረንጆች 1925፣ ጃንሆይ ገና አልጋ ወራሽ ተፈሪ ሳሉ፣ በፓናማ ቦይ በሚያልፍ መርከብ ላይ ሆኖ ነው ያወጣው።

ጨዋታው የአራት ሰው ነው። ፊት ለፊትዎ የተቀመጠው አጋርዎ ነው። 52ቱ ካርታ ለአራት ይታደልና መጀመሪያ ጨረታ ይካሄዳል፤ ከ13ቱ ዙር ስንቱን እንወስዳለን የሚል ጨረታ። አፍ አይናገርም፤ ከትንሽ ሳጥን ውስጥ የተጻፈበት ካርድ እየመዘዙ ጠረጴዛው ላይ መደርደር ነው። ማለፍ ከፈለጉ አረንጓዴ ካርድ አለ። በዓይን መጠቃቀስ ነውር ብቻ ሳይሆን ክልክል ነው። ጨረታው ሲያልቅ ያሸነፈው ሰው ይጫወታል፣ አጋሩ ካርታውን በሙሉ ገልጦ ዝም ይላል። ታዲያ የተገለጠው ካርታ አንድም የረባ ነገር ባይኖረው እንኳ "አመሰግናለሁ አጋሬ" ይባላል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ ይመጣ ነበር።

ያለፈው እሁድ የካውንቲያችን የኖርፎክ ሦስተኛ ቡድን ሰው ጎደለበትና እኔን ጠሩኝ። ካውንቲ ማለት እዚህ እንግሊዝ እንደ ድሮው የእኛ አውራጃ ይበሉት። ስምንት ሆነን በሁለት መኪና ወደ ጎረቤቱ ካውንቲ ወደ ሰፎክ ሄድን። መንገዱ ሁሉ ሜዳ ነው፣ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለም። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር፤ ለደብረ ብርሃን ልጅ ግን ምንም አይደል።

ያልጠበቅኩት ነገር እዚህ ላይ ነው። እርስዎ "ቁማር ዕድል ነው፣ ዕድልን የሚያሳድድ ሰው ቤት አይሠራም" ይሉ ነበር። እዚህ ዕድሉን አውጥተውታል። የተጫወቱትን ካርታ ከሌላው ጋር አይቀላቅሉትም፣ ከፊትዎ ያስቀምጡታል፤ ዙሩን ካሸነፉ ቀጥ አድርገው፣ ከተሸነፉ አጋድመው። ሲያልቅ 13ቱን ሰብስበው አራት ኪስ ያላት የፕላስቲክ ሰሌዳ ውስጥ ይመልሷታል። ሰሌዳዋ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ትሄዳለች። እዚያ የእኛ ሰዎች የባላጋራዎቹን ካርታ ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኔ የያዝኩትን ያንኑ ካርታ ደግሞ የእነሱ ሰው ይይዘዋል። ከዚያ ማን የተሻለ እንደተጫወተ ይተያያል። "ካርታ አልወጣልኝም" ማለት የለም።

እኔም ጉዴ ወጣ። ስፔድ አዛዥ ሆኖ (ትንሿ ስፔድ እንኳ የሌላውን ዓይነት አስ ትበላለች ማለት ነው)፣ አሥር ዙር እወስዳለሁ ብዬ ጨረታውን አሸነፍኩ። እኔና አጋሬ ስምንት ስፔድ አለን፣ እነሱ አምስት። ሁለት ጊዜ አስወጣኋቸው፤ አራቱ ወጡ። አምስተኛዋን ረሳኋት። በልበ ሙሉነት የቀይ ልብ አስ ስጥል፣ በግራዬ ያሉት ሴትዮ በዚያች በሁለት ቁጥር ስፔድ በሉብኝ። ዘጠኝ ብቻ ወሰድኩ። በእኛ ላይ 100 ተቆጠረ። በሌላው ጠረጴዛ የእነሱ ሰዎች በዚሁ ካርታ አሥሩን ወስደው 620 አገኙ።

አጋሬ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። እስከ አምስት መቁጠር አቅቶኝ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ አንገቴን ደፋሁ። "መጥፎ ዕድል ነው" አሉኝና ብስኩቱን ገፋ አደረጉልኝ። ዕድል እንዳልሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ዝናብ ነው ያወሩኝ። እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ እስከ ኖርዊች ድረስ ስድቡ አያልቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እሱ ይቀለኝ ነበር።

ተሸነፍን። ግን በሁለት ሳምንት ሌላ ግጥሚያ አለ፣ ና ብለውኛል።

ደብዳቤውን ለሚያመጣው ልጅ የጉልበትዎን ቅባትና ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ሰጥቼዋለሁ። ካልሲው ውስጥ ክለቡ የጣለው አሮጌ ካርታ አለ፤ 52ቱም ሙሉ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ካልፈለጉት ምድጃው የት እንዳለ ያውቁታል።

ልጅዎ