የአቢሊን ሁለት ሞቶች

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ድሮው የአሜሪካ ምዕራብ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ጠመንጃ ፈጥኖ የሚመዘው ጀግና ነው። እስቲ ቶም ስሚዝንም እናስታውስ። በ1870 (እ.ኤ.አ.) በካንሳስ፣ አቢሊን ከተማ የፖሊስ አዛዥ ነበር። ከብት ነጂዎች ወደ ከተማው ሽጉጥ ይዘው እንዳይገቡ ከለከለ። እምቢ ያለውን ደግሞ በቡጢ ያሳምነው ነበር። በቡጢ!

ታዲያ የሞተው እንደ ፊልሙ ጎዳና ላይ አይደለም። ኅዳር ወር ላይ፣ በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ገበሬ ሊይዝ ከከተማ ወጣ። ሰውየው ተኮሰበት። ግብረ አበሩ በመጥረቢያ አንገቱን ቆረጠው።

የስሚዝን ቦታ የያዘው ታዋቂው ተኳሽ ዋይልድ ቢል ሂኮክ ነው። እሱ ደግሞ ጥቅምት 1871 ከአንድ ቁማርተኛ ጋር ሲታኮስ፣ ሊረዳው እየሮጠ የመጣውን ምክትሉን ማይክ ዊሊያምስን በስህተት ገደለው። የራሱን ሰው! ከተማዋም በዚያው ዓመት መጨረሻ አሰናበተችው።

ሂኮክን የማያውቅ የለም። ዊሊያምስን ግን ማን ያውቀዋል? ስለ ዘመኑ ስትጽፉ ለእነዚህም አንድ አንቀጽ አትንፈጓቸው።

አንባቢያችሁ